ቡድን፣ ሰፈርና ስም፦ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሦስት ሥራዎች

መግቢያ

አማርኛ ስለ መቧደን ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ኅብረትን ያወድሳል፤ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ሲል ደግሞ የቢጤዎችን መሰባሰብ ይሸሙራል። ሁለቱ ተረትና ምሳሌዎች በፍርዳቸው ይለያዩ እንጂ አንድ ጥያቄ ሳያነሡ በማለፍ ይመሳሰላሉ፤ ድሩን አንድ ላይ ያመጣው፣ ግሙን ከግሙ ጋር ያጎራበተው ማን ነው? የሚሰባሰቡት ሰዎች አስቀድመው የተሰባሰቡ፣ ተመሳሳይነታቸውም በተፈጥሮ የተሰጠ ያህል ሆኖ ይቀርባል።

ስለ ወጣቶች የሚጻፈው ሂስም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አመለካከት አይርቅም። የተማሪዎች መቧደን የዕድሜ ጠባይ፣ ሲያድጉ የሚተውት ነገር፣ ቢበዛም የገጸባሕርይ ድክመት ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አመለካከት መፈተሽ ነው። ለፍተሻው የተመረጡት ሦስት የአሜሪካ ሥራዎች ናቸው፦ የኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» የተሰኘ ልቦለድ (1967)፣ የጆን ሂዩዝ «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» የተሰኘ ፊልም (1985) እና የዎልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» የተሰኘ ልቦለድ (1999)። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙ ከልቦለዶቹ ጋር የተሰለፈው በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ እንደሁለቱ ልቦለዶች ሁሉ አወቃቀሩ በአንድ የተማሪ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የጽሑፉ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ መቧደን ከገጸባሕርይ በፊት የመቼት ጉዳይ ነው። የከተማ ዳርቻው ትምህርት ቤትና የመሀል ከተማው ትምህርት ቤት ለተማሪዎቻቸው የተለያየ ዓይነት ቡድን ይሰጧቸዋል፤ ቡድኑን የሚሰይመውም የተለያየ ኃይል ነው። ይህን ልዩነት ሳያጤን «ሁላችንም ያው ነን» በሚል ማጽናኛ የሚደመደም ሥራ፣ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ራሱ ካሳየው እውነት ያንሳል።

ስለ ቦታው ጥቂት ማብራሪያ

ለአማርኛ አንባቢ «የከተማ ዳር» የሚለው ሐረግ በተለምዶ የሚያመጣው ሥዕል መንገድና ውሃ ዘግይቶ የሚደርስበትን፣ ከመሀሉ ያነሰ ክብር ያለውን ሰፈር ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የሆነው በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለመኖሪያ ቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ በዳርቻው ለሚሠሩ አዳዲስ ቤቶችና ለነጭ ገዢዎች አደላ። በ1947 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ የተጀመረው የሌቪታውን መንደር የዚህ ዘመን ምሳሌ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ውሎቹ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት ይከለክል ነበር። ጓሮና ጋራዥ ያለው ቤተሰብ ወደ ዳር ሲወጣ፣ አከራይና ተከራይ፣ ጥቁሮችና አዲስ መጤዎች በመሀል ቀሩ።

የአሜሪካ ትምህርት ቤት አስተዳደርና በጀት በአካባቢ የተከፋፈለ በመሆኑ ይህ የመኖሪያ ክፍፍል በቀጥታ የመማሪያ ክፍል ክፍፍል ሆነ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ተማሪዎችን በዘር ለይቶ ማስተማርን ሕገ ወጥ ቢያደርግም፣ በ1974 በዲትሮይት ጉዳይ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ የመሀል ከተማውንና የ53 የዳርቻ ወረዳዎችን ተማሪዎች የማቀላቀሉን ዕቅድ ውድቅ አደረገው። ስለዚህ አንድ የዳርቻ ትምህርት ቤት በሩን ከመክፈቱ በፊት ራሱ አንድ ትልቅ ቡድን ነው። በውስጡ የሚታዩት ትናንሽ ቡድኖች በዚህ ትልቅ አጥር ውስጥ የሚፈጠሩ ናቸው።

ይህን በቋንቋ ጥናት መንገድ ያሳየችው ፔነሎፒ ኤከርት ነች። በ1989 ባሳተመችው መጽሐፏ በዲትሮይት ዳርቻ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ዋልታዎችን ታጠናለች። አንዱ ወገን በስፖርት፣ በተማሪዎች ምክር ቤትና በትምህርት ቤቱ በዓላት የሚኖር፣ ሐሳቡን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደረገ ነው። ሌላው ወገን ከትምህርት ቤቱ ሥርዓት ይልቅ ሰፈሩን፣ ታላላቆቹንና ነገ የሚቀጠርበትን ሥራ የሚያይ ነው። የመጀመሪያው ወገን በአብዛኛው ከመካከለኛው መደብ፣ ሁለተኛው ከሠራተኛው መደብ የተገኘ ሲሆን፣ የሱሪ ቅርፅና የመቆሚያ ቦታ ሳይቀር ይለያቸዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የድምፅ ጥናቷ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ከዲትሮይት ወደ ውጭ በሚስፋፉት አዳዲስ የአናባቢ ለውጦች ቀድሞ ይገኛል። ማለትም፣ በዳርቻው ትምህርት ቤት ውስጥ «ከተማ» በአንዳንድ ተማሪዎች አፍ ውስጥ ይሰማል። የከተማና የዳርቻ ልዩነት በካርታ ላይ የተሠመረ መስመር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ተማሪው በሚጠራው አናባቢ ውስጥም ይገባል።

«ዘ አውትሳይደርስ»፦ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ሰፈር

ሂንተን ይህን ልቦለድ መጻፍ የጀመረችው በኦክላሆማ ግዛት፣ በተልሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነበር። ተራኪው ፖኒቦይ ከርቲስ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በመኪና አደጋ ሞተውበት ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር በከተማው ምሥራቅ ይኖራል። የምሥራቁ ልጆች «ግሪዘር» ይባላሉ፤ በምዕራብ የሚኖሩት የሀብታም ልጆች ደግሞ «ሶሽ» ናቸው። ሁለቱም ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

የልቦለዱ ጥንካሬ የሚታየው ቡድኑ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የተፈጠረ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚገባ ነገር መሆኑን በትንንሽ ክንውኖች በማሳየቱ ላይ ነው። ፖኒቦይ በትምህርቱ ጎበዝ በመሆኑ ከሶሾች ጋር በከፍተኛው ክፍል ተመድቧል፤ ነገር ግን በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሉን ለመቅደድ የኪስ ሰንጢውን ሲያወጣ፣ አብራው የተቀመጠችው ልጅ እነርሱ ያሉት እውነት መሆኑን ታረጋግጣለች። ቅጽበቷ ትንሽ ናት፤ ሆኖም ክፍሉ ያስተካከለውን ሰፈሩ መልሶ ያዛባዋል። ሶሽ የሆነችው ቼሪ ቫለንስም በፊልም ማሳያው ሜዳ ከፖኒቦይ ጋር ልብ ለልብ ከተጨዋወቱ በኋላ፣ ነገ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሰላም ባትለው እንዳይቀየማት አስቀድማ ታሳስበዋለች። ቼሪ ክፉ ሰው አይደለችም። ኮሪደሩ የማን እንደሆነ ስለምታውቅ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን የታላቅ ወንድሙ የዳሪ ጉዳይ ነው። ዳሪ በተማሪነቱ ጎበዝ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ወንድሞቹን ለማሳደግ ሲል የኮሌጅ ትምህርቱን ትቶ የጉልበት ሥራ ይሠራል። ከጓደኞቹ አንዱ እንደሚለው ሶሽ እንዳይሆን የያዘው የእነርሱ መኖር ብቻ ነው። በመጨረሻው የቡድን ጠብ ከዳሪ ፊት ለፊት የሚቆመው ከእርሱ ጋር በአንድ ቡድን የተጫወተ የቀድሞ ጓደኛው ነው። በትምህርት ቤት ሜዳ አንድ መለያ ለብሰው የነበሩ ሁለት ወጣቶች፣ መለያው ሲወልቅ በሰፈራቸው ስም ይደባደባሉ። ሂንተን ስለ መደብ በብዙ ገጽ ከምትናገረው ይልቅ ይህ አንድ ግጥሚያ ይበልጥ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ደራሲዋ ለዚህ ሁሉ የምታቀርበው መፍትሔ ከምርመራዋ ያነሰ ነው። ፖኒቦይና ቼሪ ከሁለት የተለያዩ ደጃፎች አንድ የፀሐይ መጥለቂያ እንደሚያዩ ይስማማሉ፤ ይህም ሥዕል የልቦለዱ የሞራል ማዕከል ይሆናል። ፀሐይዋ አንድ መሆኗ እርግጥ ነው። ነገር ግን በሴራው ውስጥ የሚሞቱት ሰዎች የሚሞቱት በደጃፎቹ ልዩነት ነው። ጆኒ የገደለው ቦብ የሶሾች መሪ ነው፤ ጆኒ በቃጠሎ ከተያያዘው ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ሲያድን በደረሰበት ጉዳት ይሞታል፤ ዳሊ ደግሞ በፖሊስ ጥይት ይወድቃል። በእነዚህ ሦስት ሞቶች ፊት የጋራ ፀሐይ ቀጭን ማጽናኛ ናት። በተጨማሪም በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰፈርን ከሰፈር የሚለየው ትልቁ መስመር የዘር መስመር ሆኖ ሳለ ልቦለዱ በነጭ ልጆች መካከል ብቻ ይቆማል። ይህ የልቦለዱን እውነት ባይሽረውም ወሰኑን ያሳየናል።

«ዘ ብሬክፋስት ክለብ»፦ ከአጥር ውስጥ

ሂዩዝ ፊልሙን ያስቀመጠው ሸርመር በተባለ ልብ ወለድ የኢሊኖይ ከተማ ነው፤ መነሻውም እርሱ ራሱ ያደገበት የቺካጎ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። አምስት ተማሪዎች በቅዳሜ ቀን ለቅጣት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይዘጋባቸዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማን እንደሆኑ የሚያስቡትን ጽፈው እንዲያስረክቡ ያዛቸዋል። አምስቱም በትምህርት ቤቱ ውስጥ የየራሳቸው ስም አላቸው፦ ጎበዙ፣ ስፖርተኛው፣ ልዕልቲቱ፣ ወንጀለኛውና ለየት ያለችው።

እዚህ ላይ ከሂንተን ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በ«ዘ አውትሳይደርስ» የቡድን ስም የሰፈር ስም ነው፤ በሸርመር ግን የቡድን ስም የሚና ስም ነው። ሁሉም የአንድ ዳርቻ ልጆች፣ ሁሉም ነጮች በመሆናቸው ልዩነታቸው ከትምህርት ቤቱ ሥርዓት የተቀዳ ይመስላል። ጀምስ ኮልማን በ1961 ባሳተመው ጥናቱ በዚያው በኢሊኖይ ግዛት ያሉ ተማሪዎችን በምን መታወስ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው ነበር፤ ከቀረቡት ምርጫዎች መካከል ጎበዝ ተማሪነት፣ የስፖርት ዝናና ተወዳጅነት ይገኙ ነበር። የሂዩዝ ገጸባሕርያት ከዚህ መጠይቅ ውስጥ የወጡ ይመስላሉ።

ፊልሙ መደብን ጨርሶ አይረሳም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በብልሃት ያቀርበዋል። ልዕልቲቱ ክሌር በአባቷ ውድ መኪና ትመጣለች፤ ወንጀለኛው ቤንደር በእግሩ ይመጣል። በምሳ ሰዓት ክሌር የጃፓን ምግብ ከሣጥኗ ስታወጣ፣ ቤንደር የሚበላው የለውም። የጽዳት ሠራተኛው ካርል ብቅ ሲል ደግሞ አንድ ዝርዝር ትዝ ይለናል፤ በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሚታየው የቀድሞ ተሸላሚ ተማሪ ፎቶግራፍ የእርሱ ነው። ትናንት በዚህ ትምህርት ቤት ትልቅ ስም የነበረው ተማሪ ዛሬ ወለሉን ይጠርጋል። ይህ ከዳሪ ታሪክ ጋር የሚወዳደር፣ ግን ሂዩዝ ሳያብራራ የተወው ሥዕል ነው።

ታዲያ ፊልሙ የሚወድቀው የት ላይ ነው? መፍትሔውን በንግግር ላይ ሲጥል ነው። አምስቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ምሥጢራቸውን ይናገራሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ይስቃሉ። ቡድን ጭምብል መሆኑ፣ ጭምብሉም በእንባ የሚታጠብ መሆኑ ይነገረናል። ከእነርሱ መካከል ብራያን ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ሰኞ ጠዋት ስንገናኝ ጓደኛሞች ነን? ክሌር አለመሆናቸውን በግልጽ ትመልሳለች፤ ሌሎቹም ይቆጧታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በፊልሙ ውስጥ ያለ ሐሰት የምትናገር ብቸኛዋ ሰው በዚያች ቅጽበት ክሌር ነች። መልሷ ከቼሪ ቫለንስ ማሳሰቢያ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ልቦለዱ ቼሪን ሲሰማት፣ ፊልሙ ክሌርን መውቀሱ ነው። ሰኞ በፊልሙ ውስጥ አትመጣም። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላይ ማብቃቱ የአጋጣሚ አይደለም፤ ሰኞ ብትመጣ ኖሮ ማጽናኛው ይፈርስ ነበር። በመጨረሻ ለየት ያለችው አሊሰን ተቀባይነት የምታገኘው በክሌር እጅ ተኳኩላ ክሌርን ስትመስል መሆኑም ቡድኑ እንዳልፈረሰ ይልቁንም አንድ አባል እንደጨመረ ያስመሰክራል።

«ሞንስተር»፦ መተዋወቅ ማስረጃ ሲሆን

በማየርስ ልቦለድ ወደ መሀል ኒው ዮርክ እንገባለን። ስቲቭ ሃርመን የ16 ዓመት ጥቁር ወጣት ነው። ቤቱ ሃርለም ሲሆን የሚማረው በፈተና ተማሪዎችን በሚቀበለው በስታይቨሰንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያም በፊልም ሥራ ትምህርት ይሳተፋል። ልቦለዱ ሲጀምር ግን እስር ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት በዘረፋ ላይ ተገድሎ፣ ስቲቭ ለዘራፊዎቹ አካባቢውን ቃኝቷል ተብሎ ተከሷል። ልቦለዱ ከፊሉ በስቲቭ ማስታወሻ፣ ከፊሉ ስቲቭ ስለራሱ ክስ በሚጽፈው የፊልም ድርሰት ቅርፅ ቀርቧል።

በዚህ ልቦለድ ውስጥ የምሳ ጠረጴዛ የለም፤ ኮሪደርም የለም። የቡድንን ጥያቄ የሚያነሣው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስቲቭ ከእነማን ጋር ቆሞ ታየ? ከጄምስ ኪንግ ጋር ምን ያህል ይተዋወቃል? በሸርመር «ወንጀለኛ» የአንድ ተማሪ ቅጽል ስም ነበር፤ በቅዳሜ ቅጣት ይጀምራል፣ በቅዳሜ ቅጣት ያበቃል። በማንሃተን ፍርድ ቤት ግን ያው ቃል ለዓመታት እስራት የሚያበቃ የሕግ ቃል ነው። በሰፈር መንገድ ላይ ሰላም መባባል፣ ማለትም በከተማ ውስጥ መኖር ራሱ፣ ማስረጃ ይሆናል።

የጠበቃዋ ስልትም ይህንኑ ያረጋግጣል። ኦብራየን ደንበኛዋን ለማዳን ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለባት ከኪንግ ጎን የተቀመጠውን ልጅ በዳኞቹ ዓይን ከኪንግ መለየት ነው። ለዚህም የትምህርት ቤቱን መምህር ለምስክርነት ትጠራለች። እንግዲህ በከተማው ልቦለድ ትምህርት ቤቱ የሚታየው ለሰፈሩ መከላከያ ሆኖ ነው፤ አንዱ ማኅበር ከሌላው ማኅበር ማምለጫ ይሆናል። ስቲቭ በነፃ ይለቀቃል። ነገር ግን በደስታ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሲል ጠበቃዋ ፊቷን ታዞራለች። የፍርድ ቤት ውሳኔ ስሙን ነፃ ቢያወጣውም እርሷ በእርሱ ላይ ያየችው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ልቦለዱ ይዘጋል። ማየርስ ከሂንተንና ከሂዩዝ የሚለየው እዚህ ነው፤ ማጽናኛ የለውም። አንባቢውም ከስቲቭ ጋር በጥያቄው ውስጥ ይቀራል።

የጽሑፉ ቅርፅና የስሙ ባለቤት

ከላይ እንደተጠቆመው ሦስቱንም ሥራዎች የሚያገናኝ አንድ የቅርፅ ባሕርይ አለ። «ዘ አውትሳይደርስ» ሲያበቃ ያነበብነው ሁሉ ፖኒቦይ ለእንግሊዝኛ መምህሩ የጻፈው ድርሰት መሆኑን እንረዳለን። «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ብራያን በአምስቱ ስም ለምክትል ርዕሰ መምህሩ በጻፈው ደብዳቤ ይከፈታል፣ በዚያው ይዘጋል። «ሞንስተር» ስቲቭ በትምህርት ቤት በተማረው ሙያ የሚጽፈው ድርሰት ነው። ሦስቱም የተማሪ ወረቀቶች ናቸው፤ ሦስቱም ሌላ ሰው ለሰጣቸው ስም መልስ ይሰጣሉ።

ነገር ግን ወረቀቱ የሚቀርብለት አካል ይለያያል። ፖኒቦይ የሚጽፈው ክፍሉን እንዳይወድቅ ዕድል ለሰጠው መምህር ሲሆን፣ ዓላማውም ሌሎች የምሥራቅ ልጆች ከመፈረድ በፊት እንዲሰሙ ነው። ብራያን የሚጽፈው ለማይፈራው ሹም ነው፤ ቢበዛ የሚያጣው ሌላ ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህም በድፍረት ይጽፋል። ስቲቭ ግን የሚጽፈው ለራሱ ነው፤ ምክንያቱም ሊሰማው የተቀመጠው ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ሳይሆን ከማን ጋር እንደነበረ ነው። «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለዳርቻው ልጅ የቤት ሥራ፣ ለከተማው ልጅ ክስ ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሚለያዩበት ነጥብ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከቡድኖቻቸው ብዛትና ዓይነት ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሂዩዝ ኮሜዲ፣ ማየርስ የፍርድ ቤት ድራማ ነው የጻፈው፤ ልዩነቱ የዘውግ እንጂ የቦታ አይደለም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ዘውጉ ራሱ ከቦታው የሚነጠል አይደለም። ስለ ዳርቻው ወጣት ሲታሰብ ኮሜዲ፣ ስለ ከተማው ጥቁር ወጣት ሲታሰብ የወንጀል ታሪክ በቀላሉ የሚመጣ ከሆነ፣ ዘውጎቹም እንደ ትምህርት ቤቶቹ በወረዳ ተከፋፍለዋል ማለት ነው። ማየርስ ይህን በሚገባ ያውቃል፤ ስቲቭ የራሱን ታሪክ በፊልም ቅርፅ እንዲጽፍ ያደረገውም ሰው በየትኛው ዘውግ ውስጥ እንደሚጣል ራሱ እንዲያይ ነው።

ማጠቃለያ

በሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን መቼትን ስናስተምር ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው ብለን ወደ ሴራና ወደ ገጸባሕርይ ቶሎ እንሻገራለን። ከላይ የታዩት ሥራዎች ይህ ችኮላ የሚያስከፍለውን ያመለክታሉ። መቼት ከዘለልን ቼሪ አስመሳይ፣ ክሌር ትዕቢተኛ፣ ስቲቭ ጓደኛ መምረጥ የማያውቅ ልጅ ሆነው ይቀራሉ፤ ሂሳችንም ከምክትል ርዕሰ መምህሩና ከዐቃቤ ሕጉ ጎን ይሰለፋል። ኤከርት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ዋልታዎች በአንዱም ሙሉ በሙሉ የማይገቡ፣ በመካከል ያሉ ብዙ ተማሪዎች እንዳሉም ታሳስባለች። ልቦለድ ዋልታዎቹን መውደዱ ግጭት ስለሚያስፈልገው ነው፤ ሃያሲ ግን በመካከል ያሉትን መርሳት የለበትም።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅም አይደለም። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዳርቻዎች ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የራሳቸውን ወረቀት ሲጽፉ፣ የሚያነበው ሃያሲ «ጓደኛህ ማን ነው?» ከማለቱ በፊት «ያገናኛችሁ ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጨርሰው ልጁን በመፈረጅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩንና በመካከላቸው ያለውን አጥር ያስነብበዋል።